ስለ ስቴሪዮ ስፒከር አገናኘትና ስለ አምፕሊፋየር ኃይል

ባለፈው የጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ማታ በማኅበራችን መዝናኛ ክፍል የነበራችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ሦስተኛው ዘፈን ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ድምፁ በድንገት ተቆረጠ፤ ወዲያውም የተቃጠለ ነገር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ያን ቀን ማታ ገመዱን የዘረጋነው እኛ ነበርን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ከመጽሐፍ ያገኘነውን ብቻ ሳይሆን አባሎቻችን ከኪሳቸው አዋጥተው ያስጠገኑትን ጥፋት ጭምር ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን እንጂ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች አይደለንም። ዳሩ ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ ጥፋታችን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ግዴታ ስለ ሆነብን የፊዚክስ መጽሐፍ ገለጥን፣ ከቴክኖሎጂ ክፍል ወንድሞቻችንም ጠየቅን፤ በመጨረሻም ነገሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው የሚችል የማካፈል ሒሳብ ሆኖ አገኘነው። አሁን ደግሞ የማኅበሩ ኮሚቴ ከመዋጮው በተረፈው ገንዘብ ትልቅ አምፕሊፋየር ለመግዛት ያስባል ስለ ተባለ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የተማርነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በአማርኛ ድምፅ ማጉያ ስንል ኃይል የሚሰጠውንም ሣጥን፣ ድምፅ የሚያወጣውንም ሣጥን ማለታችን ነው፤ ትልቁን ደግሞ ፋብሪካው የማንም ቢሆን በአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም ሞንታርቦ እንለዋለን። የእኛም ጥፋት በከፊል ከዚሁ የቃል መደባለቅ የመጣ ነው፤ «ድምፅ ማጉያ ይጨመር» ሲባል ስፒከር ጨመርን፤ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚህ ጽሑፍ ኃይል ሰጪውን አምፕሊፋየር፣ ድምፅ አውጪውን ስፒከር እንላለን።

ስፒከር በመሠረቱ ቀላል ነገር ነው። ከኋላው ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ቀጭን የሽቦ ጥቅል ተንጠልጥሏል፤ ጥቅሉም ከፊት ከሚታየው ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ማግኔቱ ጥቅሉን ይገፋዋል፣ ይስበዋል፤ ወረቀቱም አብሮ እየተንቀሳቀሰ አየሩን ያናውጠዋል። ጆሯችን ድምፅ የሚለው ይህንን ነው። ዛሬ በየቤቱ ያለው ስፒከር ቅርጹን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1925 ራይስና ኬሎግ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ መሐንዲሶች ባሳተሙት ጥናት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በላስቲክና በሌላ ነገር ቢለወጥም አሠራሩ ያው ነው። በዚያው ዘመን ነው ሸክላም በኤሌክትሪክ መቀረጽ የጀመረው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ በትልቅ መለከት አፍ ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹት በዚያ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በእያንዳንዱ ስፒከር ጀርባ 4 ወይም 6 ወይም 8 ኦም የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ኦም ማለት ሽቦው ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ሲሆን፣ ስሙ ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1827 ካሳተመው ከጀርመናዊው ከጌዮርግ ኦም የመጣ ነው። ሕጉም ፍሰት ማለት ግፊት ለተቃውሞ ሲካፈል ነው ይላል። ግፊቱ በቮልት፣ ፍሰቱ በአምፔር ይለካል። ተቃውሞው ሲያንስ ፍሰቱ ይበዛል ማለት ነው። ይህ ለብዙ ሰው ግልብጥ ነገር ሆኖ ይታየዋል፤ ለእኛም እንደዚያው ነበር። «4 ከ8 ያንሳል፤ ስለዚህ ባለ 4 ኦሙ ስፒከር ለአምፕሊፋየሩ ይቀለዋል» ብለን ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አምፕሊፋየሩ የሚሸከመው ይበዛል። በእርግጥ ይህ ቁጥር አማካይ ነው፤ የስፒከር ተቃውሞ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከፍ ዝቅ ይላል። ለእኛ ሒሳብ ግን ይበቃል።

የእኛን ነገር በቁጥር እንየው። የመዝናኛ ክፍሉ አምፕሊፋየር በየመስመሩ 50 ዋት ሲሆን በጀርባው «ከ6 ኦም በታች እንዳይሆን» የሚል ተጽፎበታል። እኛ ጽሑፉን ያነበብነው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ በግራና በቀኝ ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ነበሩ። በዚያን ቀን በክፍሉ ማዶ ለሚቀመጡት ድምፁ አይደርስም ስለ ተባለ፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ተውሰን በእያንዳንዱ መስመር አንድ አንድ ጨመርን። የጨመርነውም ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር በአንድ ላይ አስረን፣ ማለትም ጎን ለጎን ነው። ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ኤሌክትሪኩ ሁለት በር ያገኛል፤ ስለዚህ ጠቅላላው ተቃውሞ ከሁለቱም ያነሰ ይሆናል። አቆጣጠሩም ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ ለድምራቸው ማካፈል ነው። 8 በ4 ሲባዛ 32፣ 8 ከ4 ጋር ሲደመር 12፤ 32 ለ12 ሲካፈል 2.67 ኦም። አምፕሊፋየሩ ከ6 በታች አልችልም ብሎ የተናገረውን በ2.67 ኦም ጫንነው ማለት ነው።

50 ዋት በ8 ኦም ላይ 20 ቮልት ግፊት ማለት ነው። 20 ቮልት ለ8 ኦም ሲካፈል 2.5 አምፔር፤ ለ2.67 ሲካፈል ግን 7.5 አምፔር ይሆናል። ድምፁ ሲከፈት አምፕሊፋየሩ ሦስት እጥፍ ፍሰት ተጠየቀ፤ መስጠቱንም ሞከረ፤ ሁለት ዘፈን ሙሉ ተሸከመ፤ በሦስተኛው የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ተቃጠሉ። ዘመናዊ መሣሪያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጭነት ሲመጣባቸው ራሳቸውን የሚያጠፉበት መከላከያ አላቸው፤ ያ አሮጌ አምፕሊፋየር ግን አልነበረውም ወይም ቀድሞ ተበላሽቶ ኖሯል።

ምን ማድረግ ይቻል ነበር? ሁለቱን ስፒከሮች ተከታትለው ማለትም የአንዱን ጥቁር ከሌላው ቀይ ጋር አገናኝቶ በሰንሰለት ማሰር አንዱ መንገድ ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩ ይደመራል፤ 8 ከ4 ጋር 12 ኦም ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩም አይጎዳም። ይሁን እንጂ ሁለቱ የተለያየ ዓይነት ስፒከሮች ከሆኑ እንዲህ ማሰር ድምፁን ያበላሻል፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ እየወሰደ የድምፁ መልክ ይዛባል። በሰንሰለት ማሰር ደህና የሚሆነው ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። ለሰፊ አዳራሽና ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ብዙ ስፒከር ለሚያስፈልገው ሥራ በትራንስፎርመር የሚሠራ ባለ 100 ቮልት መስመር የሚባል ሌላ ዘዴ አለ፤ እሱ የእኛ ክፍል ነገር ስላልሆነ እንለፈው። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ክፍል የሚበጀው ምንም ስፒከር ሳይጨመር የነበሩትን ሁለቱን በሚገባ ማስቀመጥ ነበር። ወደዚያ እንመለሳለን።

ስለ ሽቦው ደግሞ እንነጋገር፤ ስለ ሽቦ የሚነገረው ተረት ብዙ ነውና። ያን ማታ ለማዶዎቹ ስፒከሮች የዘረጋነው ለጠረጴዛ መብራት የሚሆን ቀጭን ገመድ ነበር፤ ውፍረቱ ግማሽ ካሬ ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር። የዚህ ዓይነት የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.034 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ መመለስ ስላለበት 15 ሜትር ገመድ 30 ሜትር ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ገመዱ ብቻውን 1 ኦም ሆነ። ከባለ 4 ኦም ስፒከር ጋር ሲደመር 5 ኦም ይሆናል፤ በዚያ ገመድ ከሚሄደው ኃይል አንድ አምስተኛው ሽቦውን ለማሞቅ ቀረ ማለት ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ይህ የሽቦ ቅጥነት ጠቅላላውን ጭነት ከ2.67 ወደ 3 ኦም ገደማ ከፍ አድርጎት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አላዳነንም።

መሐንዲሶች የሚሰጡት ምክር የገመዱ መሄጃና መመለሻ ተቃውሞ ከስፒከሩ ቁጥር ከመቶ 5 እንዳይበልጥ ነው። ለባለ 8 ኦም ስፒከር 0.4 ኦም፣ ለባለ 4 ኦም 0.2 ኦም ማለት ነው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በሜትር 0.0115 ኦም ስላለው፣ ለባለ 8 ኦም ስፒከር እስከ 15 ሜትር ድረስ በደህና ያገለግላል። ለባለ 4 ኦም በዚያው ርቀት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱም የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ለመብራትና ለሶኬት የሚዘረጓቸው ተራ ልኮች ናቸው፤ በማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በሜትር ይሸጣሉ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ለስላሳውን መምረጥ ይሻላል፤ ደረቁ ሲተጣጠፍ ይሰበራል።

ከዚህ በላይ በስፒከር ሽቦ ስም በብዙ ብር የሚሸጠው፣ ወርቅ የተቀባ ጫፍና የሐር ልብስ ያለው ገመድ፣ መዳቡ ያው መዳብ ነው። ወርቁ አይዝግም፤ ይህ እውነት ነው። ድምፁን ግን አይለውጠውም። ሁለቱ ገመዶች በርዝመት እኩል ካልሆኑ አንዱ ድምፅ ይዘገያል የሚሉም አሉ፤ ኤሌክትሪክ ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ስለሚሄድ የሦስት ሜትር ልዩነት በጆሮ አይታወቅም። ወፍራም ሽቦ የወፍራሙን ድምፅ ልጓም ያጠብቃል የሚባለው ጥቂት እውነት አለው፤ አምፕሊፋየሩ የወረቀቱን መወዛወዝ የሚገታው በዚያው ሽቦ በኩል ነውና። ዳሩ ግን የስፒከሩ የራሱ ጥቅል ባለ 8 ኦም በሚባለው ላይ 6 ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለው፣ ሽቦው ከላይ በተባለው ልክ ውስጥ እስካለ ድረስ ልጓሙን የሚወስነው ጥቅሉ እንጂ ሽቦው አይደለም።

ስናስር አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ስፒናው ከሶኬቱ መነቀል አለበት። የሽቦው ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይላጥ፤ ክሮቹ በደንብ ይጠምዘዙ፤ ከቀዩ አንድ ክር እንኳ አምልጦ ጥቁሩን እንዳይነካ መመልከት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ተቃውሞው ዜሮ ይሆናልና ከእኛ የባሰ ጥፋት ይመጣል። መሐል ላይ የተቀጠለ ገመድ ካለ በናስትሮ ብቻ መጠቅለል አይበቃም፤ መጀመሪያ በብሎን ማያያዣ ማጥበቅ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመንን እንናገር። አምፕሊፋየሩ ተጠግኖ ሲመለስ ሁለቱን የቀድሞ ስፒከሮች ብቻ አገናኝተን አንድ የቆየ ዘፈን ከፈትን። ሁላችንም ደስ አለን። ዓይነ ስውር የሆነ ጓደኛችን ግን፣ በዚያው ክፍል የተነበቡ መጻሕፍት በድምፅ የሚሰማ ስለ ሆነ ስፒከሮቹን ከሁላችንም ይልቅ ያውቃቸዋል፣ ጥቂት አዳምጦ «ዘፋኙ የት ነው ያለው?» አለን። ጥያቄው አልገባንም። «ማሲንቆው አለ፤ ሰውዬው ግን ቦታ የለውም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ወይስ ከኋላዬ?» አለ። ከበሮውም ሥጋ የሌለው አጥንት ብቻ ነው አለን።

እሱ እንዳለው ነበር። በአንደኛው ስፒከር ላይ ቀዩና ጥቁሩ ተለዋውጠው ታስረው ኖሯል። ስቴሪዮ ማለት ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ላይ ሲገፉና አንድ ላይ ሲስቡ የሚሠራ ነገር ነው። የስቴሪዮን መሠረት የጣለው አለን ብላምሌይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱን የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ የስቴሪዮ ሸክላ ግን ለገበያ የወጣው በ1958 ነው። ዘፋኙ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ሲወጣ ጆሯችን በመካከላቸው ያለ ሰው አድርጎ ይሰማዋል፤ በመካከላቸው ግን ማንም የለም። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ከሳበ ያ ሰው ይጠፋል። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ አንዱ የገፋውን አየር ሌላው ስለሚስበው እርስ በርሱ ይጣፋል። ከበሮው የከሳው ለዚህ ነው። መሣሪያው አይቃጠልም፣ ምንም ምልክት አይታይበትም፤ ሰው ለዓመታት እንደዚያ ሲያዳምጥ ሊኖር ይችላል። ምናልባት እኛም ከጥቅምት በፊት እንደዚያው ነበርን፤ ማን ያውቃል።

ይህን ለመፈተሽ አንድ ተራ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ፣ ቀዩ ነው የምንለውን ጫፍ ከድንጋዩ ጉብታ ማለትም ከአዎንታዊው ራስ፣ ጥቁሩን ከታችኛው ጋር ለቅጽበት ማነካካት ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት ብቅ ካለ ትክክል ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተለዋውጧል። ለቅጽበት ብቻ ይሁን፤ ደግሞም ባለ 9 ቮልቱን አትጠቀሙ። የስፒከሩ ፊት በጨርቅ ተሸፍኖ ወረቀቱ የማይታይ ከሆነ ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አቀራርቦ አንድ ዓይነት ድምፅ መክፈትና፣ የአንዱን ሽቦ እያለዋወጡ ማዳመጥ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ የበዛበት ትክክለኛው ነው። ለዚህ ፈተና በአንድ መስመር የተቀረጹ የድሮ ሸክሎች ከሁሉ ይሻላሉ፤ ዘፋኙ መሐል ላይ ካልቆመ ጥፋቱ የሸክላው ሳይሆን የእኛ መሆኑ ይታወቃልና። ጓደኛችን ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ እጁን ዘርግቶ ዘፋኙ ያለበትን ቦታ ጠቆመን፤ በሁለቱ ስፒከሮች ልክ መካከል ነበር።

እንግዲህ ኮሚቴው ሊገዛ ወዳሰበው ነገር እንምጣ። ሐሳቡ ባለ 50 ዋቱን በባለ 100 ዋት መለወጥ ነው። እጥፍ ዋት እጥፍ ድምፅ የሚሰጥ ይመስላል። ጆሮ ግን እንደ ሜትር አይቆጥርም። የድምፅ ከፍታ በዴሲቤል ይለካል፤ ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም በግልጽ የሚሰማ ቢሆንም ጥቂት ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል ያስፈልጋል፤ ለዚህም ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ከ50 ዋት ወደ 500 ማለት ነው።

በሌላ በኩል ስፒከሮች በአንድ ዋት የሚሰጡት ድምፅ እኩል አይደለም። በመመሪያቸው ላይ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጡ ይጻፋል። አንዱ 87 ሌላው 90 ቢሆን፣ ባለ 90ው በ50 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ለማግኘት ባለ 87ቱ 100 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ስፒከር ሲገዛ ይህን ቁጥር ማየት ከአምፕሊፋየሩ ዋት የማያንስ ዋጋ አለው። በጸጥታ ስናዳምጥ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ኃይል ብዙ ጊዜ አንድ ዋት እንኳ አይሞላም ብንል ብዙዎች አያምኑንም፤ ነገር ግን እንደዚያ ነው።

ኮሚቴውን ግን አንበድል፤ ትርፍ ኃይል ከንቱ አይደለም። ሙዚቃ ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ይነሣል፤ ከበሮ ሲመታ ለቅጽበት ከአማካዩ አሥር እጥፍ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል። አምፕሊፋየሩ ያን መስጠት ሲያቅተው የማዕበሉን ጫፍ ቆርጦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ድምፁም ሻካራ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ «ትንሽ አምፕሊፋየር ትልቅ ስፒከር አያቃጥልም» ይባላል። ያቃጥላል። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን የሆነ ማዕበል፣ ቁመቱ ሳይጨምር እንኳ ከደህናው ማዕበል እጥፍ ኃይል ይይዛል፤ በተጨማሪም በመቆረጡ ምክንያት በዋናው ድምፅ ያልነበረ የቀጭን ድምፅ ክምችት ይወለዳል። ስፒከሩ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ ጥቅሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነውና ያን ሁሉ ተቀብሎ ይነዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ መሣሪያው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወዲያው መቀነስ አለበት፤ ጭፈራው የቱንም ያህል ቢደምቅ።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ የሚገዛው አምፕሊፋየር ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ሊሆን ይችላል ሲባል ሰምተናልና። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ከመካከላችን የአንዷ አጎት ከዋሽንግተን ያመጡት አምፕሊፋየር ቦሌ እንደ ደረሰ በዚያው ቀን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ፊውዙን፣ ቀጥሎም ሆዱን አቃጥሎ ዛሬ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። በጀርባው 120 ብቻ ከተጻፈ ግፊት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩም አምፕሊፋየሩ ከሚበላው ዋት ከፍ ያለ መሆን አለበት። ይህም ሆኖ የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛው 50 ጊዜ ስለ ሆነ፣ ለ60 ብቻ የተሠራ መሣሪያ የውስጡ ትራንስፎርመር እዚህ ይበልጥ ይሞቃል። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ከቆላው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። አምፕሊፋየር በቁም ሣጥን ውስጥ መክተት፣ በላዩም ዳንቴል ማልበስ በየትም ቢሆን መጥፎ ነው፤ እዚህ ደግሞ የባሰ ነው። ፊውዝ ሲቃጠልም በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ጠቅልሎ መመለስ አለ፤ እሱ ፊውዝ መሆኑ ቀርቶ ክብሪት ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ ክፍሉ፤ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተረሳው እሱ ነው። መዝናኛ ክፍላችን 7 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ ወለሉ ንጣፍ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ አንድ ጎኑ መስኮት። መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ሲንጫጫ ትሰማላችሁ። ዘፈንም ሲከፈት እንደዚያው ይንጫጫል፤ ሰዎች «አልሰማም፣ ጨምር» የሚሉት ድምፁ አንሶ ሳይሆን ቃሉ በነጸብራቁ ስለ ተደባለቀ ነው። መጨመር ነጸብራቁንም አብሮ ይጨምረዋል። መድኃኒቱ ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ነው። በተጨማሪም ወፍራሙ ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ በአንዳንድ ቦታ ይከማቻል፤ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ በ5 ሜትር ወርድ ላይ መጀመሪያ የሚከማቸው በሴኮንድ 34 ጊዜ የሚመታው ነው። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው ሰው ሲያገሳበት መሐል የተቀመጠው አይሰማውም። ስፒከሩን ማዕዘን ውስጥ መወሸቅ ይህን ያባብሰዋል።

እስከ ዛሬ የግራው ስፒከር ቁም ሣጥን ላይ፣ የቀኙ ከሶፋው ኋላ መሬት ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም በአንድ ከፍታ፣ ተቀምጦ በሚያዳምጥ ሰው ጆሮ ልክ፣ ከኋላቸው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል አርቀን፣ በመካከላቸው ሁለት ሜትር ተኩል ትተን አስቀመጥናቸው። ፊታቸውን ትንሽ ወደ ውስጥ አዞርን፤ አድማጩም ከእያንዳንዳቸው በዚያው ርቀት ሲቀመጥ ሦስቱ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ከማዶው ግድግዳ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቀልን። መልኩ አያምርም። ነገር ግን በጥቅምት ወር «አይደርስም» ከተባለበት የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ የድምፅ መክፈቻው ከእኩሌታ በታች ሆኖ፣ ግጥሙን ቃል በቃል ሰማን። ጓደኛችንም የሚነበብለትን መጽሐፍ ከዚያው ወንበር ያዳምጣል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከተረፈው ገንዘብ አስቀድሞ 20 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ አንድ ወፍራም መጋረጃና ሁለት የእንጨት መቆሚያ ይገዛ። አምፕሊፋየሩ እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ይቆይ። የምታምኑን ካልሆነ ሐሙስ ከእራት በኋላ መዝናኛ ክፍል ኑና ራሳችሁ ስሙ፤ የቤታችሁን ስፒከር ለመፈተሽ ለምትፈልጉም አንድ የባትሪ ድንጋይና አንድ ካቻቢቴ ከእኛ ዘንድ ይገኛል፤ ድንጋዩን ግን መልሱልን።